በድንግዝግዝ የሚያይ ዓይን

ፀሐይ ከእንጦጦ ጀርባ ስትወርድ የካ ወዲያው አይጨልምም። መጀመሪያ ባሕር ዛፉ ይጠቁራል፤ ቀጥሎ ቀዩ መንገድ ይደበዝዛል። ሰማዩ ግን ለመሄድ እንደ ተነሳ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ጨዋታ ያራዝማል። ሥርጉት ኃይለጊዮርጊስ ይህችን ሰዓት ከልጅነቷ ጀምሮ ትወዳታለች። ዘንድሮ ደግሞ ሥራዋም ፍቅሯም በዚህችው ሰዓት ላይ ተንጠልጥለው ነበር።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ጉርድ ሾላ አካባቢ ባለ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ፣ ከጓደኛዋ ከሀናን ጋር ሆና፣ የካሜራን ዓይን ለማሻሻል ትለፋለች። የተለመደው ካሜራ ብርሃን አባካኝ ነው። ከሌንሱ ኋላ ያለው ሴንሰር በእያንዳንዷ ነጥቡ ላይ አንዲት ባለቀለም መስታወት ደፍቷል፤ ቀይዋ መስታወት ቀዩን ብርሃን አሳልፋ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ታስቀራለች፤ ሌሎቹም እንደዚያው። ከመጣው ብርሃን አብዛኛው ደጅ ይቀራል። ቀን ብርሃን ስለሚትረፈረፍ ማንም ልብ አይለውም፤ ሲመሽ ግን ካሜራው ይራባል፣ ፎቶውም አመድ ይለብሳል። ሥርጉት በመስታወቶቹ ፈንታ ከፀጉር በብዙ መቶ እጥፍ የቀጠኑ ምሰሶዎችን ነደፈች። እነዚህ ምሰሶዎች የትኛውንም ቀለም አያግዱም፤ መንገድ ያሳዩታል እንጂ። ቀዩን ወደ ቀይ ቦታው፣ አረንጓዴውን ወደ አረንጓዴው ይመሩታል። ንድፉን እዚሁ በኮምፒውተር ሠራችው፤ ቺፑን ባሕር ማዶ ያለ አጋር ላብራቶሪ ቀርጾ ላከላት። ከትንሽ ጣቷ ጥፍር የማትበልጠዋን ነገር ከሳጥኗ አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋቻት።

ፍቅሯ ደግሞ ገረሱ ይባላል።

ለፋሲካ ለእናቷ ነጠላ ልትገዛ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከሀናን ጋር ስትዞር ነው ያገኘችው። ቤተሰቡ ከጨንቻ ተራሮች መጥቶ በዚያ ዳገት ላይ የሰፈረ ሸማኔ ነው፤ አባቱና እሱ ይሸምናሉ፣ እናቱ ዲንቄ ይፈትላሉ።

«ጥለቱን ምን ዓይነት ላድርግልሽ?» ሲል ጠየቃት።

«ለእናቴ ነው። ቆንጆ ናት፣ ኩሩ ናት፣ ትንሽም ቁጡ ናት። አንተ የመሰለህን አድርግላት» አለችው።

ገረሱ ቀና ብሎ አያት። ስለ እናቷ እያወራችለት እሱ የልጅቱን ፊት ያነብ ነበር። ነጠላው ሲያልቅ ጥለቱ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ሆኖ፣ በመሃላቸው እንደ ፀጉር የቀጠነች ብርቱካንማ መስመር ነበረችበት። «ብርቱካንማዋ ለቁጣቸው ናት» አላት። እየሳቀች ከቤቱ ወጣች፤ ዳገቱን ወርዳ ታክሲ ውስጥ ከገባች በኋላም ሳቋ አልለቀቃትም። በሳምንቱ ምንም የምትገዛው ነገር ሳይኖራት ተመልሳ ሄደች።

እናቷ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ነጠላውን ከመውደዳቸው የተነሳ ሌላውን ሁሉ ሣጥን ውስጥ ዘጉበት። የገረሱን ስም ሲሰሙ ግን ነገር ተበላሸ። ሥርጉት ነጠላውን ማን እንደሠራው አልነገረቻቸውም፤ የነገረቻቸው ገረሱ የሚባል ሰው እንደምትወድና ሥራው ሽመና እንደሆነ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ እኔ ሰው አልንቅም» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ድምፃቸው ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈሩት። «ግን የቀሲስ ኃይለጊዮርጊስ ልጅ ለሸማኔ፣ ለቁጢት በጣሽ ተዳረች ከተባለ አባትሽ ከመቃብሩ ቀና ብሎ ይታዘበኛል። ልጁን አላውቀውም፤ ማወቅም አልሻም። እንዳታመጪብኝ።»

ሥርጉት የእናቷን ቃል አለሳልሳ ለገረሱ ልትነግረው ሞከረች። እሱ ግን ያለሰለሰችው ሁሉ ገባው። «እጠብቃለሁ» አላት። «አንቺ እስካለሽ ድረስ እጠብቃለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ከሥራ በኋላ ከባሕር ዛፉ ሥር ይገናኙ ነበር፤ ጭጋጉ ሲወርድ እሱ ጋቢውን ያካፍላታል፣ እሷ ስለ ብርሃን ታወራለታለች። በቅርቡ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። «ረቡዕና ዓርብ ማታ አልችልም፤ ጉዳይ አለኝ» አላት። ይህን ሲል ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። የገረሱ ዓይን ከእሷ ሲሸሽ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ሥርጉት ግን ሳትጠይቀው ቀረች።

የሙከራው ጊዜ ደረሰ። ተቋሙ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወደ ፈረንሳይ በሚወርደው የእግር መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየ። መስኮቷ ላይ ሁለት ካሜራዎች ጎን ለጎን ተተከሉ፤ አንዱ የተለመደው፣ ሌላው የሥርጉት ቺፕ ያለበት። ፀሐይ ጠልቃ ጨለማው እስኪጠና ድረስ ሁለቱም ያንኑ ቁልቁለት በራሳቸው ጊዜ ያነሳሉ። ድንገት ሰው የገባበት ፎቶ ካለ እንዲሰረዝ ተስማምተዋል። አዲሱ ቺፕ ያነሳው ምስል ወዲያው የሚታይ አልነበረም፤ ቀለሞቹን የሚያነበውን ስሌት ሀናን ገና እያስተካከለች ነበር። ስለዚህ ሥርጉት ሐሙስ ጠዋት ላብራቶሪ ገብታ ያየችው የተለመደውን ካሜራ ፎቶ ብቻ ነው።

አመድማ ነው። ዛፉ ጥቁር፣ መንገዱ ግራጫ፣ አየሩ በነጠብጣብ የተሞላ። በመንገዱ ላይ ሁለት ሰዎች ይወርዳሉ። አንዱ ረጅም ወንድ ነው፤ ቀኝ ትከሻው ዘንበል ይላል። ፊቱ አይለይም። ሥርጉት ግን ፊት አላስፈለጋትም። ያ ትከሻ ቀን ሙሉ የሽመና መወርወሪያ ሲወረውር ከመዋል የዘነበለ ትከሻ ነው፤ ስንት ምሽት ራሷን አሳርፋበታለች።

ከጎኑ ነጠላ የተከናነበች ቀጭን ሴት አለች። እጁን ይዛለች። እንዲያው መያዝ ብቻ አይደለም፤ ሙሉ ክብደቷን ጥላበታለች። እሱም ጎንበስ ብሎ፣ ሥርጉት የእኔ ብቻ ነው በምትለው አኳኋን፣ እርምጃውን ለእርምጃዋ አሳጥሮ ይሄዳል።

«ሰው አለበት?» አለች ሀናን ከወዲያኛው ጠረጴዛ።

«አዎ።»

«ሰርዢው በቃ።»

«እሺ» አለች ሥርጉት። አልሰረዘችውም። እንደገና አየችው፤ እንደገና። ባየችው ቁጥር ሴትየዋ ወጣት፣ ቆንጆ፣ የታደለች እየሆነች መጣች።

ማታ ስልኳን አንስታ «ደህና ሁን ገረሱ። ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ» ብላ ላከችለት። መልሱ ብዙ ቆይቶ መጣ። «ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። የማልነግርሽ አንድ ነገር እንዳለኝ ግን ልብሽ ያወቀ ይመስለኛል። ቃል ስላለብኝ ነው። እስኪፈታልኝ ድረስ ክፉ አታስቢብኝ።»

ቃል! ለማን? ሥርጉት ስልኩን ትራሷ ሥር ከተተችው። ሰው ቃል የሚገባው ለሚወዳት ሴት ነው፤ ለሚያገባት። ከቤቱ ኋላ ባሕር ዛፉ በነፋሱ ሲንሾካሾክ አደረ፤ ለእሷ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ የሚያሟት ይመስላት ነበር።

የሚቀጥሉት ቀናት እንደ ሕልም አለፉ፤ ደስ የማይል ሕልም። ከመገናኛ በሚነሳው ሚኒባስ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ወደ ተራራው ላለማየት ትታገላለች፤ ዓይኗ ግን እዚያው ይሄዳል። መንገድ ላይ ነጠላ የለበሰች ቀጭን ሴት ባየች ቁጥር «ይቺ ትሆን?» ትላለች። አንድ ቀን ፈረንሳይ አካባቢ ገረሱን ከሩቅ አየችው፤ የድር ጥቅል ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። ዞር ብሎ ሚኒባሱን እስኪያልፍ ተመለከተው፤ ይያት አይያት አላወቀችም። ቀኑን ሙሉ ግን ያ አስተያየት ቆዳዋ ላይ ተለጥፎ ዋለ።

ሰኞ ጠዋት ሀናን ላብራቶሪውን በእልልታ ሞላችው።

«ሥርጉቴ! ነይ እስኪ! ሠርቷል! ወላሂ ሠርቷል!»

ሥርጉት እየሮጠች ሄደች። በስክሪኑ ላይ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ያው ቁልቁለት፣ ያው ደቂቃ። በግራ ያለው ያ አመድማው ነው። በቀኝ ያለው ግን ሌላ ዓለም ነው። የባሕር ዛፉ ቅጠል ብርማ አረንጓዴ፣ አፈሩ ዝናብ እንደነካው ቀይ፣ የሰማዩ ጠርዝ የበሰለ ኮክ የመሰለ። ሊጨልም ጥቂት በቀረው ሰዓት ውስጥ ይህ ሁሉ ቀለም ነበረ፤ ተደብቆ አልነበረም፣ የሚቀበለው ዓይን አጥቶ ነው እንጂ። የዓመታት ልፋቷ እነሆ። ሥርጉት መጮህ፣ ሀናንን ማቀፍ ነበረባት።

እሷ ግን የምታየው የሴትየዋን ነጠላ ነበር። በግራው ፎቶ ጥቁር መስመር ብቻ የነበረው ጥለት በቀኙ ላይ ተገልጦ ወጥቷል። አረንጓዴ። ወይን ጠጅ። በመሃላቸው ቀጭን ብርቱካንማ።

«ሰው ያለበት ፎቶ ነው ለካ» አለች ሀናን። «ይቅርታ፣ ቀለሙ የጎላበትን ስፈልግ ነው የመረጥኩት። ይህኛው መሰረዝ ነበረበት። ምነው? ምን ሆንሽ?»

«እናቴ ናት» አለች ሥርጉት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከደስታና ከድንጋጤ የትኛው ቀድሞ እንዳስቀመጣት ለራሷም አልገባትም።

ወደ ቤት ስትሄድ ድንጋጤዋ ወደ ቁጣ ተለወጠ። ነገሩ ሁሉ የገባት መሰላት። እናቷ ተደብቀው ገረሱን አግኝተውታል፤ ከልጄ ራቅ ብለው ለምነውታል፤ ምናልባትም አስምለውታል። ያ «ቃል» ይህ ነው። እሷ ደግሞ በማታውቃት ሴት ስትቃጠል ከርማለች!

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ሳሎን ተቀምጠዋል። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ የቤቱ መብራት ሁሉ በርቷል።

«እማዬ፣ ባለፈው ረቡዕ ማታ የት ነበርሽ?»

«የት እሆናለሁ? የካ ሚካኤል ሠርክ ጉባኤ ነዋ።»

«አይደለም። እንጦጦ ነበርሽ። ከአንድ ሰው ጋር ነበርሽ።»

የእናቷ እጅ የነጠላቸውን ጫፍ ይጠመዝዝ ጀመር። «የሰፈር ሰው አይቶኛል ማለት ነው» አሉ ለራሳቸው። «ተይ እንጂ ልጄ፣ አትቆጪኝ። ጸበል ብጠመቅ ይሻለኛል ብዬ ነው።»

«ምኑ?»

«ዓይኔ።»

ሥርጉት የያዘችውን ቦርሳ ወንበር ላይ ያስቀመጠች መስሏት መሬት ጣለችው።

«ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ዓለም ከፊቴ ትጠፋለች» አሉ እናቷ። «ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው። ዳፍንት ይሉታል የጥንት ሰዎች። ቀን ደህና ነኝ፤ ሲደነግዝ ግን ዕውር ነኝ ብልሽ ይሻላል።»

«ለምን አልነገርሽኝም? እማዬ፣ እኔ ልጅሽ አይደለሁም?»

«ልጄማ ስለሆንሽ ነው። አባትሽ የታመመ ጊዜ ትምህርትሽን ጥለሽ አልጋው ሥር አልከረምሽም? አሁን ደግሞ ካሜራሽን በእኔ ምክንያት ልትጥዪ? አልፈለግሁም። እዚህ የካ ሚካኤል ብሄድ ሰው ያየኛል ብዬ እንጦጦ ወጣሁ። አንድ ቀን ጉባኤው ረዘመ። ስወርድ መንገዱ ጠፋኝ። ባሕር ዛፍ አቅፌ ቆሜ ‹እመቤቴ ሆይ፣ ጅብ አታስበዪኝ› እያልኩ ሳለ አንድ ልጅ መጣ። ‹እማማ፣ እጅዎን ይስጡኝ› አለኝ። እስከ በራችን አደረሰኝ። ለማንም እንዳይናገር፣ ልጄ እንዳትሰማ ብዬ ቃል አስገባሁት። ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።»

«ስሙን... ጠይቀሽዋል?»

«ስጠይቀው ‹የሰፈር ልጅ ነኝ› ይለኛል። መልኩን አይቼው አላውቅም። እጁ ሻካራ ነው፣ ሠራተኛ ልጅ ነው። ግን እንዴት ያለ ጨዋ መሰለሽ! ድንጋይ ሲኖር ‹እዚህ ጋ ከፍ ይበሉ› ይለኛል፣ ሲደክመኝ ሳልነግረው ይቆምልኛል። ከደህና ቤት ለመውጣቱ አልጠራጠርም።» ወይዘሮ የማርያምወርቅ ፈገግ አሉ፤ እንደ ልጃገረድ አፈሩ። «እንዲያውም ልንገርሽ፤ እንዲህ ያለውን ለሥርጉቴ ስጫት ብዬ ኪዳነ ምሕረትን ለምኛለሁ። ሳቂብኝ እንግዲህ።»

ሥርጉት አልሳቀችም። ምላሷ ጫፍ ላይ የደረሰውን ስም ዋጠችው። ለምሽት የሚሆን ዓይን ለመሥራት ዓመታት ስትደክም፣ በገዛ ቤቷ ውስጥ ሁለት ዓይኖች ሲጠፉ ሳታይ ኖራለች። በጊዜ የሚበሩት መብራቶች፣ ከብርጭቆው ውጭ የሚፈሰው ሻይ፣ ግድግዳውን የሚዳብሰው እጅ፤ ሁሉንም አይታ ምንም አላየችም። እናቷ እግር ሥር ቁጢጥ ብላ ፊቷን ጭናቸው ላይ ደፋችው፤ እሳቸውም ፀጉሯን ዳበሱት፤ የአንድ ቀን ቁጣዋ ሁሉ በዚያ እጅ ሥር ቀለጠ።

በማግሥቱ እናቷን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። «የዓይን ሞራ ነው፤ ይገፈፋል» አለ ሐኪሙ፣ ቀጠሮም ሰጣቸው። እናቷን ቤት አድርሳ ሥርጉት ወደ ፈረንሳይ ወጣች።

የገረሱ ቤት በር ገርበብ ብሏል። ስትገፋው መወርወሪያው ከእጁ አምልጦ ወደቀ። አነሳው፤ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ መሸመኑን ቀጠለ። እናቱ ዲንቄ እንዝርታቸውን ይዘው ሥርጉትን አንድ ጊዜ አዩዋት፣ ልጃቸውንም አንድ ጊዜ አዩት። «ግቢ ልጄ፣ እኔ ፀሐይ ልሙቅ» ብለው ወጡላቸው።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለች።

«ለምኑ?»

«ካሜራው ያነሳው ፎቶ ላይ አየሁህ። የሴት እጅ ይዘህ።»

የገረሱ እጅ ቆመ። «እናትሽ ናቸው።»

«አሁን አውቃለሁ። ያኔ አላወቅሁም።»

«አልጠየቅሽኝምም» አለ። በድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻላት ነበር። «ብርሃን እንዳይባክን ስትለፊ የኖርሽ ሰው፣ እኔን በአንድ ደብዛዛ ፎቶ ጣልሽኝ፣ ሥርጉት።»

እንባዋ መጣ። አልደበቀችውም። «ፈርቼ ነው። እማዬ እምቢ ካለች ጀምሮ አንድ ቀን ይሰለቸዋል፣ አንድ ቀን የምትመጥነውን ያገኛል እያልኩ ስፈራ ኖርኩ። ፎቶው የፈራሁትን ሲነግረኝ ወዲያው አመንኩት።»

ገረሱ ከመሸመኛው ጉድጓድ ወጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ። አልነካትም።

«እማዬን እንዴት አወቅሃት?»

«ነጠላቸውን አየሁት። የእጄን ሥራ መቼ እስታለሁ? የቆሙት ዛፍ አቅፈው ነው። እውነቱን ልንገርሽ? አልፌያቸው ሄጄ ነበር። ያሉኝ ነገር ትዝ ብሎኝ ልቤ ደነደነ። ጥቂት እንደ ሄድኩ ‹እመቤቴ› ሲሉ ሰማኋቸው። እግሬ እምቢ አለኝ፣ ተመለስኩ።»

«ስምህን ለምን አልነገርካትም?»

«እጄን ይለቁት ነበራ» አለ። «በዚያ ጨለማ ውስጥ።»

ሥርጉት ግንባሯን ደረቱ ላይ ጣለች። «አሁን ንገራት። ወዳሃለች እኮ ገረሱ! ሳታይህ ወዳሃለች።»

«አልነግራቸውም። ሰው መርቼ ስላሳለፍኩ ዋጋ አልጠይቅም። አንቺም እንዳትነግሪያቸው። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።»

«ይቅር ብለኸኛል?»

ቀስ ብሎ እጁን አነሳ፤ ፀጉሯ ላይ አሳረፈው። «አላስቀየምሽኝም ብዬ አልዋሽሽም። ግን ስትገቢ መወርወሪያው ከእጄ ሲወድቅ አላየሽም? በሕይወቴ ወድቆብኝ አያውቅም።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ነጠላቸውን ለበሱ። «ያን ልጅ ሳላመሰግን አልቀርም» አሉ። «አንቺም ነይ፤ እዪውና እንዴት ያለ እንደሆነ ፍረጂ።» ሥርጉት እጃቸውን ይዛ ስትወጣ የልቧ ምት በእጇ በኩል እንዳይሰማቸው ፈራች።

ጉባኤው ሲያልቅ ሰማዩ ኮክ መስሎ ነበር። ገረሱ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ሁለቱን አብረው ሲያይ ፊቱ ላይ አንዳች ነገር አለፈ፤ ሆኖም እንደ ሁልጊዜው ቀረብ ብሎ «እጅዎን ይስጡኝ፣ እማማ» አለ። እሳቸውም ሰጡት። ምእመናኑ ቀድመዋቸው ወረዱ፤ ባሕር ዛፎቹ መሃል ሲደርሱ ሦስቱ ብቻ ቀሩ፣ ብርሃኑም ተሟጠጠ።

«ልጄ፣ ይቺ ያልኩህ ልጄ ናት» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። «ዓይኔ ሊታከምልኝ ነው። ዛሬ ስምህን ሳትነግረኝ አንለያይም። ዓይኔ ሲበራ ማንን ብዬ ልፈልግህ?»

ገረሱ ከአሮጊቷ ነጠላ በላይ ወደ ሥርጉት አየ። ረጅም አስተያየት ነበር። ሥርጉትም አየችው፤ አትንገር አላለችውም፣ ንገርም አላለችው።

«ገረሱ እባላለሁ፣ እማማ።»

«ገረሱ...»

«ፈረንሳይ ነው የምኖረው። ሸማኔ ነኝ።»

የወይዘሮ የማርያምወርቅ እጅ ከእጁ ውስጥ ሾልኮ ወጣ። ሥርጉት አፏን በመዳፏ ያዘች። እናቷ ብቻቸውን አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ እግራቸው ድንጋይ አገኘ፤ ቆሙ። ወደፊት አይሄዱ፣ ወደኋላ አይመለሱ። ሥርጉት ልትደግፋቸው ተንቀሳቀሰች፤ እሳቸው ግን በእጃቸው «ተዪኝ» አሏት።

«አውቀኸኝ ነበር?» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ጨለማው እንደ መለሱ።

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«የተናገርኩብህንስ? ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ከዚያ በኋላ ነው እጅህን የሰጠኸኝ?»

«መሽቶ ነበር፣ እማማ» አለ ገረሱ።

ነፋሱ ከላይ መጥቶ ቅጠሉን አንኮሻኮሸና አለፈ። የወይዘሮ የማርያምወርቅ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሕይወታቸው ሲያለቅሱ ሥርጉት ያየቻቸው አባቷ የተቀበሩ ዕለት ብቻ ነው፤ ያኔም ድምፅ አላሰሙም። አሁን ግን እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ሲበቃቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ ጨለማው ዘረጉት፤ ማን የት እንደቆመ ሳያዩ።

«አምጣው» አሉ። «እስከ ዛሬ ሳላውቅህ ነው የያዝኩት። አሁን አውቄህ ልያዘው።»

ገረሱ ወዲያው አልያዘውም። ዝቅ ብሎ የተዘረጋውን እጅ ሳመው፤ ከዚያ በኋላ ያዘው።

ቁልቁለቱን ወረዱ፤ እናት መሃል፣ ልጆቹ ግራና ቀኝ። ከታች የየካ መብራቶች አንድ ሁለት እያሉ ይበራሉ። አጎቶቿ ገና አልሰሙም፤ ዘመድ አዝማድ ብዙ ይላል፤ እናቷም ነገ ጠዋት ሲነሱ ልባቸው ወደ ኋላ ይል እንደሆነ ማን ያውቃል? ሥርጉት ይህን ሁሉ ታውቀዋለች። ነገር ግን የእሱን እርምጃ በእናቷ ክንድ በኩል እየሰማች ስትሄድ መንገዱ እንዳያልቅ ተመኘች።

«ሥርጉት» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ፤ «መልኩ እንዴት ነው? ንገሪኝ እስኪ።»

ቀለምን ሁሉ በስሙና በቁጥሩ የምታውቀው ልጅ ወደ ገረሱ አየች። ፊቷ ጋለ፤ ቃል ጠፋት።

«ትንሽ ጠብቂ፣ እማዬ» አለች በመጨረሻ። «በራስሽ ዓይን ታይዋለሽ።»

ገረሱ በጨለማው ውስጥ ሳቀ። ያን ሳቅ ከሰማችው ሰንብታ ነበር። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች እሷም አልለየችውም፣ ለመለየትም አልፈለገች።